ተቀባዩ የት ነበር?

በ1993 ሰኔ መገባደጃ ላይ (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፍራንክ ሲናትራ ሆሊውድ ወደሚገኘው የካፒቶል ስቱዲዮ ተመለሰ። ዕድሜው 77 ነበር። አልበም ሊሠራ ስቱዲዮ ከገባ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ ከካፒቶል ጋር ከተለያየ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ፕሮዲውሰሩ ፊል ራሞን ኦርኬስትራውን ሰብስቦ ይጠብቀው ነበር። አንጋፋው ድምፃዊ ግን ሊዘፍን አልቻለም። ለድምፃዊ ተብላ የተከለለችው ጠባብ ክፍል አላስማማችውም። በመጨረሻ ራሞን ከሙዚቀኞቹ መሐል ትንሽ መድረክ አሠራለት፤ በኮንሰርት እንደለመደው በእጁ የሚይዘው ማይክም ሰጠው። ያን ጊዜ አፉ ተከፈተ። በአንድ ምሽት ዘጠኝ ዘፈን ዘፈነ።

ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። ራሞን የሽማግሌውን ችግር በትክክል አይቶታል። ሲናትራ ብቻውን ተዘግቶበት መዝፈን አይችልም፤ ሰው ይፈልጋል፤ የትንፋሹንም የክሩንም መሣሪያ ከአጠገቡ መስማት ይፈልጋል። ለዚህም መፍትሔ ተገኘለት። ይሁን እንጂ የሚቀረጸው የቅብብል አልበም ነበር፤ ከስመ ጥር ድምፃውያን ጋር እየተቀባበለ የሚዘፍንበት አልበም። እነዚያ ድምፃውያን ደግሞ አንዳቸውም በክፍሉ ውስጥ አልነበሩም።

አሬታ ፍራንክሊን፣ ባርብራ ስትራይሳንድ፣ ሉተር ቫንድሮስ፣ ቻርል አዝናቩር፣ አኒታ ቤከር፣ ቦኖ፣ ቶኒ ቤኔት። የስም ዝርዝሩን ለሚያይ ሰው እንዲህ ያለ ድግስ ከዚያ በፊት የተደገሰ አይመስለውም። ሁሉም ግን የዘፈኑት በኋላ፣ በየተራቸው፣ ተቀርጾ ያለቀውን የሲናትራን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ነው። አንዳንዶቹ ጭራሽ ከሌላ ከተማ ሆነው ድምፃቸውን በዲጂታል የስልክ መስመር ላኩ። ለዘመኑ ትልቅ የቴክኖሎጂ ድል ነበር፤ ብዙም ተወራለት። አልበሙ «ዱዌትስ» ተብሎ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ወጣ፤ በቢልቦርድ ሠንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ፤ በአሜሪካ ብቻ ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

በሽያጭ ብንመዝነው የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። ጆሮ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ስትራይሳንድ በድርሻዋ ውስጥ የሲናትራን የመጀመሪያ ስም አስገብታ ትጠራዋለች፤ አጠገቧ እንዳለ ሰው። እሱ ግን የራሱን ድርሻ ከጨረሰ ቆይቷል። ስለዚህ በኋላ የእሷን ስም የሚጠራበትን አንዲት ሐረግ ለብቻ እንዲቀርጽ ተደረገና በቦታዋ ተሰካች። ሁለት ታላላቅ ድምፃውያን በፍቅር ይጠራራሉ፤ በመካከላቸው ግን ቀናት አሉ፣ መንገድ አለ፣ የቆረጠና የቀጠለ የባለሙያ እጅ አለ።

እኛ ለመቀባበል ቃል አለን። ሆያ ሆዬ የጨፈረ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰርግ ቤት ያመሸም ያውቀዋል፤ አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። አውጪው ግጥሙን የሚያረዝመውም የሚያሳጥረውም በተቀባዩ ትንፋሽ ነው። ተቀባዩ ሲሞቅ አውጪው ያላሰበው ስንኝ ይመጣለታል። ተቀባዩ ሲደክም አውጪው የቱንም ያህል ድምፀ መረዋ ቢሆን ዘፈኑ ይወድቅበታል። በ«ዱዌትስ» ላይ ተቀባዩ የሚሰማው ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው። የሲናትራ ድምፅ ለማንም አይታጠፍም፤ ማንንም አይጠብቅም፤ እንግዶቹም የቱንም ያህል ቢጥሩ እሱን ሊለውጡት አይችሉም። ራሞን የተገደደበት ምክንያት ይገባኛል። ያን ሁሉ ዝነኛ በአንድ ሳምንት በአንድ ክፍል መሰብሰብ ከባድ ነው፤ የ77 ዓመት ሰው ደግሞ ቀን እየተቀየረ አይጠበቅም።

ዐሥር ዓመት አለፈ። ሲናትራ በ1998 አረፈ። ራሞን ደግሞ ሌላ ታላቅ ሰው ዘንድ ተጠራ፤ ሬይ ቻርልስ ዘንድ። ከፕሮዲውሰር ጆን በርክ ጋር ሆነው ያዘጋጁት ይህ አልበም «ጂኒየስ ላቭስ ካምፓኒ» ይባላል፤ ቀረጻው በ2003 ተጀመረ። ቤቱ የራሱ የሬይ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1960ዎቹ ያሠራው ስቱዲዮ። በዚህ ጊዜ አብዛኞቹ እንግዶች ወደ እሱ መጡ። ከአጠገቡ ሆነው፣ ባንዱ እየተጫወተ፣ አብረው ዘፈኑ።

ሬይ ቻርልስ ከሰባት ዓመቱ ገደማ ጀምሮ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነው። ሰውን የሚያውቀው በድምፁ፣ በአተነፋፈሱ፣ ወለሉ ላይ በሚያሰማው ኮቴ ነው። ለእንደዚህ ያለ ሰው በሽቦ የመጣ ድምፅ ግማሽ ሰው ይመስለኛል። በ1967 ለብቻው የዘፈነውን «ሂር ዊ ጎ አጌን» አሁን ከኖራ ጆንስ ጋር ሲዘፍነው ስሙት። እሷ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበረች። ኦርጋኑን የሚጫወተው ቢሊ ፕሬስተን ነው፤ በወጣትነቱ ከሬይ ባንድ ጋር የተጫወተ ሰው። ኖራ ድምፅዋን አታነሳም። የሬይ ድምፅ በሕመም ሳስቷል፤ እሷም በዚያው ልክ የራሷን ታሳሳለች፤ እሱ ቃሉን ሲጎትት ትጠብቀዋለች። እሱ ደግሞ ከእሷ መስመር ጫፍ ላይ እየተነሳ ዜማውን ወዳላሰበችው ቦታ ይወስዳታል። ማን አውጪ ማን ተቀባይ እንደሆነ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ከቢ ቢ ኪንግ ጋር ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች በብሉዝ ሲጫወቱ ይሰማል፤ እዚያ ላይ ጊታሩም እንደ ሦስተኛ ሰው ቃል አለው።

የጉበት ሕመሙ እየበረታ ሄደ። ከኤልተን ጆን ጋር የዘፈነው ከመጨረሻዎቹ ቀረጻዎቹ አንዱ ነው፤ ድካሙ ሳይሸፈን ይሰማል፣ ኤልተንም ሊሸፍንለት አልሞከረም፤ ከድካሙ ጎን ቆመ እንጂ። ሬይ ቻርልስ ሰኔ 10 ቀን 2004 በ73 ዓመቱ አረፈ። አልበሙ ነሐሴ 31 ወጣ። በቀጣዩ ዓመት 8 የግራሚ ሽልማት አገኘ፤ የዓመቱ ምርጥ አልበምም ተባለ። በቢልቦርድም አንደኛ ሆነ፤ ሬይ እዚያ ደረጃ ላይ አልበም ሲያደርስ ከ1962 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ለዚህ ስኬት ሞቱም፣ ባረፈበት ዓመት የወጣው «ሬይ» የተባለው ፊልምም ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው መካድ አይቻልም። ስለዚህ ሁለቱን አልበሞች በሽያጭ አላወዳድራቸውም። ሁለቱም ተሸጡ። የማወዳድራቸው ሲናትራን በሰማሁ ቁጥር የሲናትራን የቀድሞ ካሴት ስለምናፍቅ፣ ሬይንና ኖራን በሰማሁ ቁጥር ግን ሌላ ነገር ስለማልናፍቅ ነው።

ይህን የማነሳው በዛሬው ሙዚቃችን ምክንያት ነው። ፊቸሪንግ በዝቷል፤ መብዛቱም ደስ ይላል። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዋሽንግተን ሆኖ ድምፁን በቴሌግራም ይልካል፤ አቀናባሪው አንድ ላይ ይሰፋዋል። ርቀቱ እውነት ነው፤ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ቀላል ነገር አይደሉም። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ከተማ እየኖሩ ሳይገናኙ የሚሠሩ አሉ፤ የሚያሳዝነኝ ያ ነው። ከሽፋኑ ላይ ሁለት ስም አለ፤ ዘፈኑ ውስጥ ግን ሁለት ብቸኛ ሰዎች አሉ። አቀናባሪዎቻችን ድምፃውያኑን ቢያንስ ለአንድ ከሰዓት ፊት ለፊት ቢያቆሟቸው፣ ያልታሰበች አንዲት ሳቅ ወይም አንዲት መዘግየት ትራኩ ላይ ብትቀር፣ ምንኛ በወደድኩ።

ቶኒ ቤኔት ለሲናትራ አልበም ድምፃቸውን ለየብቻ ከሰጡት እንግዶች አንዱ እንደነበረ ጠቅሻለሁ። እሱም 80 ዓመት ሲሞላው የራሱን የቅብብል አልበም ሠራ፤ በ85 ዓመቱም ሁለተኛውን። ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ያው ፊል ራሞን ነው። በዚህኛው ግን እንግዳና ባለቤት በአንድ ክፍል ፊት ለፊት ይቆማሉ። መጋቢት 2011 ለንደን በሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ ድምፃዊቷ ኤሚ ዋይንሀውስ መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታደንቀው ሰው ከፊቷ ቆሟል። «ኤሚ» በተባለው ዘጋቢ ፊልም ላይ ቀረጻው ይታያል፤ ትጀምራለች፣ ታቋርጣለች፣ በራሷ ትናደዳለች፣ የሽማግሌውን ጊዜ ያባከነች ይመስላታል። በስልክ መስመር ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ማንም አያይም ነበር፤ የተሻለው ቁራጭ ተመርጦ ይላክ ነበር። ቤኔት ግን አየ፤ አልቸኮለባትም። ስለ ዲናህ ዋሽንግተን አነሳላት፤ በድምፅዋ ውስጥ የእሷን መንፈስ እንደሚሰማ ነገራት። ዲናህ የኤሚ ልብ ውስጥ ያለች ዘፋኝ ነበረች። የልጅቷ ፊት ተፈታ።

ከአራት ወር በኋላ፣ በ27 ዓመቷ፣ ኤሚ አረፈች፤ የዚያ ቀን ዘፈን የመጨረሻዋ የስቱዲዮ ቀረጻ ሆነ። በዚያች መጋቢት ግን ማንም ይህን አያውቅም። ሁለቱ ማይካቸው ፊት እንደቆሙ ተያዩና ዘፈኑን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።