ሻጋታን መሾም

እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም ከሆነ፣ የገበሬን ድካም አበስብሶ የሚያስቀር ሻጋታ ምን ሊባል ነው? ጥያቄው ለአዲስ አበባው ላፍቶ ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ከጃንሜዳ ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ በተዛወረው አትክልት ተራ፣ ከቲማቲሙና ከሽንኩርቱ የተበላሸው እየተለየ ይጣላል። የብልሽቱ ከፊል የፈንገስ ሥራ ነው።

የተለመደው መልስ መግደል ነው። ገበሬው ማንኮዜብን የመሰለ ፀረ ፈንገስ ይረጫል፤ ሰብሉም ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ሌላው መልስ ከአፈሩ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1932 ሪቻርድ ዋይንድሊንግ የተባለ ተመራማሪ፣ ትሪኮደርማ የሚባል አረንጓዴ ሻጋታ ችግኝ ገዳዩን ፈንገስ ተጠምጥሞ ሲበላው ማየቱን ጻፈ። ትሪኮደርማ የጠላቱን ግድግዳ በኢንዛይም ያሟሟል፣ ምግብና ቦታ ይሻማዋል፣ የተክሉንም የመከላከል አቅም ይቀሰቅሳል። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ፣ በቡና ሥር ዙሪያ ልዩ ልዩ ዓይነት ትሪኮደርማ አግኝቷል።

እንግዲያው ትሪኮደርማ መልካም፣ ቡናን የሚያደርቀው ፊውዛሪየም ክፉ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። እንጉዳይ አብቃዮች ግን በዚህ አይስማሙም። አንዳንድ የትሪኮደርማ ዝርያዎች እንጉዳይ ቤት ሲገቡ ምርቱን አረንጓዴ አልብሰው ያጠፉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአየርላንድ፣ በብሪታንያና በሰሜን አሜሪካ ብዙ አምራቾችን አክስረዋል። እንጉዳይም ፈንገስ ነውና ትሪኮደርማ እዚያም እዚህም የሚያደርገው ያው ነው፤ ፈንገስን ያጠቃል።

ይህ ለአማኝ ቀላል ነገር አይደለም። ክፋት በፍጥረቱ ባሕርይ ውስጥ ከሌለ፣ በኦሪት ዘፍጥረት ለሰው የተሰጠው ምድርን የመግዛት ሥልጣን ያልወደደውን ሁሉ የማጥፋት ፈቃድ ሊሆን አይችልም። በዚያው መጽሐፍ ሰው ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ ተሹሟል፤ ተሿሚ ደግሞ ይጠየቃል።

ማሳው እየነደደበት ያለ ገበሬ ይህን ሁሉ የሚያሰላስልበት ጊዜ የለውም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ትሪኮደርማም የታመመውን ተክል አይፈውስም። ከበሽታው ቀድሞ አፈር ውስጥ መግባት አለበት፣ እርጥበት ይፈልጋል፣ አንዳንድ ፀረ ፈንገስ ኬሚካልም ይገድለዋል። ከሁሉ በላይ ሕያው ነው፤ አንዴ ከተለቀቀ ተሰብስቦ አይመለስም። ስለዚህ ከሩቅ የመጣውን በሰፊው ከመልቀቅ በፊት ከአካባቢው አፈር የተገኘውን በትንሽ መደብ መሞከር፣ አጠገብ እንጉዳይ የሚያበቅል ጎረቤት መኖር አለመኖሩንም መጠየቅ የግብርና ጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የእምነትም ግዴታ ነው።