የሌላው ሰው በዓል

ጥር 11 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ፥ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ የወጣ መንገደኛ፥ ታቦታቱ በከተራ ወርደው ያደሩበትን ጥምቀተ ባሕር ለማግኘት አይቸገርም፤ እልልታው ይመራዋልና። የማን ነህ ብሎ የሚጠይቀውም የለም። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ዝናው ከአገር አልፏል። ነገር ግን እንግዳ ሰው የማያምንበትን በዓል ለመደሰቻ ብቻ ሊያየው ይገባዋልን?

በሕንድ አገር በሆሊ ቀን ዳር ቆሜ ልመልከት ያለ መንገደኛ ቀለም ሳይነካው ወደ ማረፊያው መመለሱ ያጠራጥራል። በእኛም ዘንድ ጠበሉ ሲረጭ ምእመንና ተመልካች አይለይም፤ እንግዳውም አስቀድሞ የሚሸሽገው ራሱን ሳይሆን የፎቶግራፍ መሣሪያውን ነው። (ውድ ዕቃ ነውና አንፈርድበትም።)

ሳያምኑ መረጨት ማስመሰል ነው የሚሉ አሉ። ለእኛ ግን እንዲህ አይመስለንም፤ በሰው ቤት የቀረበልንን እንጀራ ቈርሰን ስንበላ የባለቤቱን አሳብ ሁሉ ተቀበልን ማለት አይደለምና። የሚያስነውረው ሌላ ነው። እንግዳው መልካም ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲል፥ ጠበሉን ሽታ ከሌሊት ጀምሮ የቆመችውን አሮጊት ገፍቶ ከፊቷ የተገተረ እንደ ሆነ፥ የበዓሉን ደስታ ከባለቤቱ ወስዶበታል። አሮጊቷ ግን እንግዳ ነው ብላ ዝም ትላለች።