«ጥርስ ባዳ ነው» በሕፃን ድድ ሲፈተን

ሐዘን የተጫነው ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ድንገት ሳቅ ሲያመልጠው፣ አጠገቡ ያሉ አንድ አዛውንት «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ፤ ነቀፋው እዚያው ይቆማል። ተረቱ ሰውየውን ነጻ ያወጣና ጥርሱን ይከሳል። ልብ እያነባ የሚስቀው እርሱ ነው፤ የሥጋ ዘመድ ቢሆን አብሮ ባዘነ ነበር። ደግሞስ ስንወለድ መች አብሮን ነበረ? ዘግይቶ ይመጣል፣ ስናረጅ ቀድሞን ይሄዳል። ይህን ተረት እወደዋለሁ፤ ርኅራኄ አለበት።

ሕፃን ያለበት ቤት ሲገባ ግን ክሱ አደገኛ ይሆናል። ልጁ ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ያገኘውን ይነክሳል፣ ሌሊቱን ሲነጫነጭ ያድራል። ከዚያ ይተኩሳል፣ ያስቀምጠዋል። «ጥርስ ሊያወጣ ነው፣ ይተወዋል» ይላሉ አያት። ባዳ ባደረበት ቤት የጠፋው ዕቃ ሁሉ በእርሱ እንደሚሳበብ፣ የልጁም ሕመም ሁሉ በጥርሱ ይሳበባል።

ጥርስ ግን ከውጭ የመጣ አይደለም። መሠራት የሚጀምረው ልጁ በማሕፀን ሳለ፣ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ሲወለድ 20ዎቹም የወተት ጥርሶች መንጋጋው ውስጥ ተሸሽገው እየተሠሩ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ቀድመው ብቅ የሚሉት የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ናቸው። ያኔ ድዱ ያብጣል፣ ለሃጩ ይበዛል፣ ሰውነቱም ትንሽ ሞቅ ሊል ይችላል። 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ የደረሰ ትኩሳት፣ ተቅማጥና ትውከት ግን የጥርስ ሥራ አይደሉም።

ታዲያ ለምን አብረው ይመጣሉ? በዚያው ሰሞን ከእናቱ የወረሰው የበሽታ መከላከያ እየሳሳ ነው። ገንፎና አጥሚት ይጀመርለታል፤ ውሃው ወይም ጡጦው ንጹሕ ካልሆነ ጀርም አብሮ ይገባል። መዳህ ሲጀምር ደግሞ ከወለል ያነሣውን ሁሉ ወደሚያሳክከው ድዱ ይወስዳል። አያት ያዩት መገጣጠም እውነት ነው፤ የተሳተው ምክንያቱ ነው። የተሳተውም በእኛ አገር ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሕፃናትን ድድ መቅደድ ይመክር ነበር፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝም ጥርስ ማውጣት ሞት መዝገብ ላይ እንደ ገዳይ በሽታ ይጻፍ ነበር።

በእኛ ዘንድ ክሱ ቅጣት የሚሆነው ግግ በማስቧጠጥ ነው። ተቅማጥ የጠናበት ልጅ ድዱ ላይ ግግ የሚሉት ነጣ ያለ እብጠት ይታይና በስለት ተቧጦ ይወጣል። የሚወጣው ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ ነው። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከሥር ያለው የቋሚ ጥርስ ቡቃያም ሊጎዳ ይችላል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተሰቦች ልጆች አፍ ውስጥ የጥርስ ሐኪሞች የጎደሉ ክራንቻዎችን አግኝተው ጽፈዋል። ተቅማጡ ግን አልቆመም፤ ልጁን ለሞት የሚያደርሰውም የሰውነቱ ውሃ ማለቁ ነው። ይህ ያስቆጣኛል፤ መፍትሔው ርካሽና የታወቀ ነውና። ኦአርኤስ የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ በማንኪያ መስጠት፣ ከስድስት ወር በላይ ለሆነው በቀን 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ጡቱንም አለማቋረጥ።

ለድዱስ? በደንብ በታጠበ፣ ጥፍሩ በተቆረጠ ጣት ቀስ አድርጎ ማሸት፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ማስነከስ፤ ለሃጩን መጥረግና አገጩን ቫዝሊን መቀባት። ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር አይላስ፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም ሰውነትን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል። ቤንዞካይን ያለበት የሚያደነዝዝ ቅባትም ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም፤ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል።

አማቷ «ጥርስ ነው» ሲሏት መልስ መስጠት የሚከብዳት ወጣት እናት ብዙ ናት። ሙግቱን ትታ አብረው እንዲያዩላት ብትለምናቸው ይሻላል፤ ቀኑን ሙሉ ልጁን የሚይዙት እርሳቸው ናቸውና ከሐኪም ቀድመው ያያሉ። ዓይኑ ሰርጉዷል? ሲያለቅስ እንባው ደርቋል? ሆዱ ላይ ቆንጠጥ ያደረጉት ቆዳ ለመመለስ ይዘገያል? ጡት እምቢ ብሏል? ሰገራው ደም አለበት? እንዲህ ካለው፣ ጥርሱ ወጣም አልወጣም፣ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂድ።