የወረቀት ቤት ዕድሜ

ገጣሚ ወረቀትና እርሳስ ካገኘ ይጽፋል፤ አርክቴክት ግን መሬትና ገንዘብ ያለውን ሰው መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ከዚህም የተነሣ የሕንፃ ጥበብ ለብዙ ዘመናት የነገሥታትና የባለጸጎች አገልጋይ ሆኖ ኖሯል። ታዲያ ቤቱ የፈረሰበት ድኻ ከዚህ ጥበብ ምን ድርሻ አለው?

ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው መልስ ከሰጡት አንዱ ጃፓናዊው አርክቴክትና የዩኒቨርሲቲ መምህር ሺጌሩ ባን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 በቶኪዮ ተወልደው ሙያውን በአሜሪካ የተማሩት ባን፣ ጨርቅና ወረቀት የሚጠቀለልበትን የካርቶን ቱቦ ለግንባታ በማዋል ይታወቃሉ። በጥር 1995 የኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመትታ ከስድስት ሺህ በላይ ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ በአሸዋ የተሞላ የቢራ ሣጥን መሠረት፣ የካርቶን ቱቦ ግድግዳ አድርገው በድንኳን ለቀሩ ቬትናማውያን ስደተኞች ቤት ሠሩ። የታካቶሪ ቤተ ክርስቲያን በእሳት በጋየበትም ስፍራ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር የወረቀት አዳራሽ አቆሙ። ለጊዜው ተብሎ የተሠራው አዳራሽ አሥር ዓመት አገለገለ፤ በ2005 ሲነቀልም አልተጣለም፤ በ1999 ተመሳሳይ አደጋ ወደ ደረሰበት የታይዋን ገጠር ተጉዞ እንደገና ተተከለ።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለባለጸጋ እብነ በረድ፣ ለድኻ ካርቶን መስጠት ንቀት አይደለምን? ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ጊዜያዊው መጠለያ ዘላቂውን ቤት ካስረሳ፣ ምጽዋት የፍትሕን ቦታ ወሰደ ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ባን በ2000 በጀርመን አገር በሃኖቨር በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን የጃፓንን አዳራሽ የሠሩት በዚያው በካርቶን ቱቦ ነበር። ለተፈናቃዩ በሰጡት ዕቃ አገራቸውን በዓለም ፊት አቆሙ። እንግዲህ ንቀት የሚመነጨው ከዕቃው ርካሽነት ሳይሆን፣ ለድኻ ሲሆን አሳብንና ድካምን ከመቆጠብ ነው።

መምህርነታቸውም ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ2008 የቻይናዋ ሲቹዋን በመሬት መንቀጥቀጥ በተጎዳች ጊዜ፣ የኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻቸው ከቻይናውያን ተማሪዎችና መምህራን ጋር በቼንግዱ ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የካርቶን መማሪያ ክፍሎችን በእጃቸው ሠርተዋል። በ2014 የፕሪትዝከር ሽልማት ሲሰጣቸውም፣ ለተጎጂዎች የሠሩት ሥራ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

ባን እንደሚሉት ለትርፍ ብቻ የቆመ የኮንክሪት ሕንፃም ጊዜያዊ ነው፤ ሕዝብ የወደደው የወረቀት ቤት ግን ዘላቂ ይሆናል። አንድ የጥበብ ሥራ ስንት ዘመን ይቆያል ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ሲፈርስ ተሸክሞ መልሶ የሚተክለው ሰው ይኖረው እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።