አክሱም የማን ነው?

መልሱ ቀላል ይመስላል። ሐውልቶቹ ትግራይ ውስጥ ናቸው፣ ትግራይ ኢትዮጵያ ውስጥ ናት፣ በቃ። ግን የአክሱም ነጋዴ ዕቃውን ወደ ባሕር ያወርድበት የነበረው አዱሊስ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ነው። ንጉሥ ኢዛናም በ4ኛው ክፍለ ዘመን ባስቀረጻቸው ጽሑፎች ራሱን የአክሱም ብቻ ሳይሆን የሂምያርና የሳባም ንጉሥ ይላል። እነዚህ ደግሞ ዛሬ የመን ውስጥ ናቸው።

ኤርትራ ነጻ አገር የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሁለቱ የመኖች የተዋሐዱት በ1990 ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ ድንበርም የተሰመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ነው። ሦስታችንም ልጆች ነን፤ የምንከራከረው ስለ ሽማግሌ ነው። ንግሥተ ሳባን እኛ ማክዳ እንላታለን፣ የመኖች ቢልቂስ ይሏታል። ዩኔስኮ አክሱምን በ1980 መዝግቧል፣ በማሪብ ያለውን የሳባ መንግሥት ቅርስ ደግሞ በ2023። ንግሥቲቱ የማን ናት የሚለውን ግን ለማንም አልፈረደም።

እንዲህ ያለ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። ስኮፕዬ ከተማ በ2011 መሐል አደባባይዋ ላይ ግዙፍ ፈረሰኛ አቆመች፤ ያየው ሁሉ ታላቁ እስክንድር ነው አለ። አውሮፕላን ማረፊያዋም በስሙ ይጠራ ነበር። ግሪክ ተቆጣች፣ የጎረቤቷንም የኔቶ መንገድ ዘግታ ቆየች። በ2018 የተፈረመው የፕሬስፓ ስምምነት አገሪቱን ሰሜን መቄዶንያ አደረጋት። ስምምነቱ እስክንድርን ለሁለት አልቆረጠውም። «መቄዶንያ» ስንል ሁለታችን የምናወራው ስለተለያየ ታሪክና ባህል ነው ብለው ተፈራረሙ። ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው፦ አንዱን ቃል ወደ ብዙ ጥያቄ መበተን።

እኔ ኮድ ጽፌ የማድር ሰው ነኝና ይህ አይገርመኝም። ክፍት ኮድ ላይ «የማን ነው?» የሚባል አንድ ጥያቄ የለም። ማን ጻፈው? ዛሬ ማን ይጠብቀዋል? ማን ይጠቀምበታል? ሦስቱ የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ኮዱን ወስዶ የራሱን መንገድ መቀጠል ለሁሉም ይፈቀዳል፤ የመጀመሪያውን ጸሐፊ ስም መፋቅ ግን ነውር ነው። አስመራ ያለ ወጣት አክሱም አያቴ ነው ቢል እኔ የማጣው ነገር የለም። «አንተ ግን የለህበትም» ሲለኝ ነው፣ ወይም እኔ እሱን ስለው፣ ፍቀት የሚጀምረው።

ምሳሌው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ድንጋይ ኮፒ አይደረግም። «እንግዲያውስ የሰው ልጅ ሁሉ ቅርስ ነው ብለን እንገላገል» የሚሉ አሉ። ደስ ይላል፣ ግን ተጠንቀቁ፤ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደውን ሀብት ለንደን ላይ የያዙ ሙዚየሞችም የሚመቻቸው ይኸው ንግግር ነው። ጣልያን በ1937 ሮም የወሰደችው የአክሱም ሐውልት በ2005 ሲመለስ፣ የሰው ልጅ ቅርስ መሆኑ አልቀረም። ቦታው ግን ታውቋል። የዕቃው ቦታ መልስ አለው፤ የውርሱ ክብር ግን ስንካፈለው አያልቅም።

አማርኛ «ባለቤት» የሚለውን ቃል ለንብረት ጌታም ለትዳር ጓደኛም ይጠቀምበታል። «ባለቤቴ» የሚል ሰው ያገባትን ሴት እሸጣለሁ ማለቱ አይደለም። ኃላፊነት አለብኝ፣ ስትታመም አስታምማለሁ ማለቱ ነው። የቅርስ ባለቤትነትም በዚህኛው ትርጉም ቢለካ ብዙዎቻችን ዝም እንል ነበር።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በአክሱም ከተማ በርካታ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎች የኤርትራ ወታደሮች እንደፈጸሙት መዝግበዋል። በቀይ ባሕር ዙሪያ «አክሱም ታሪካችን ነው» የሚለው ሕዝብ ብዙ ነው። በሐውልቱ ጥላ ሥር ለሚኖሩት ያለቀሰው ግን ስንቱ ነው? ለድንጋዩ ዕድሜ የምንሟገተውን ያህል ለሰዎቹ ዕድሜ ካልተሟገትን፣ የወረስነው ስልጣኔውን ሳይሆን ፎቶውን ነው። ስለዚህ «አክሱም የኛ ነው» ለሚለኝ ሁሉ፣ ለራሴም ጭምር፣ የምጠይቀው አንድ ነው፦ «እሺ፣ ታዲያ ምን አደረግህላት?»

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። «ሀ» በሄክሳዴሲማል 1200 የሚል ቁጥር ተሰጣት። አዲስ አበባ አማርኛ የሚጽፈውም፣ መቀሌና አስመራ ትግርኛ የሚጽፈውም ያንኑ ቁጥር ይልካል። ኮምፒውተሩ ከየት አገር መጣህ ብሎ አይጠይቅም፤ የተላከለትን ፊደል ያሳያል። በዚያ ፊደል ምን እንደምንባባል የሚወስነው ግን ኮምፒውተሩ አይደለም።