«አይሆንም» ካልን ሒሳቡን ማን ይክፈል?

ገንዘብ ይዞ የመጣን እንግዳ «ይብቃህ» ማለት ያስከብራል። በተለይ እንግዳው ከተማ የሚያጨናንቅና የባሕር ወለል የሚያስቆፍር ግዙፍ መርከብ ከሆነ፣ ከሩቅ ሆነን የምናነብ ሰዎች ለማጨብጨብ አንዘገይም። እኔም አጨበጭባለሁ። ግን ከጭብጨባው በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ «አይሆንም» ያለው ሰውና የቃሉን ዋጋ የሚከፍለው ሰው አንድ ናቸው ወይ? ካልሆኑስ?

ነገሩን አየር ላይ ከምናወራው አንድ ቦታ እናሳርፈው፤ ካይማን ደሴቶች። ከኩባ በስተደቡብ፣ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያሉ፣ በብሪታንያ ሥር የሚተዳደሩ ሦስት ደሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነዋሪው 71 ሺህ ገደማ ነበር። ብዙዎቻችን ስሙን የሰማነው ከባንክና ከግብር ጋር ተያይዞ ነው፤ እውነትም የገቢ ግብር የለም፣ የኢኮኖሚው ትልቁ ምሰሶም ፋይናንስ ነው። ሁለተኛው ምሰሶ ቱሪዝም ነው። በ2019 ብቻ በመዝናኛ መርከብ፣ በክሩዝ ማለቴ ነው፣ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ሰው መጥቷል። እስቲ አስቡት፤ ለአንድ ነዋሪ ሃያ አምስት እንግዳ።

ከዚያ ወረደ። መጀመሪያ ያቆመው ኮቪድ ነው፤ ከማርች 2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል የክሩዝ መርከብ አልመጣም። በ2022 መርከቦቹ ሲመለሱም ነገሩ እንደ ድሮው አልሆነም። በ2024 የመጣው ሰው 1.1 ሚሊዮን ገደማ ነው።

አንዱ ትልቅ ምክንያት የመርከብ መጠን ነው። ዋና ከተማዋ ጆርጅታውን ክሩዝ ተጠግቶ የሚቆምበት መቆሚያ የላትም። መርከቡ ራቅ ብሎ መልሕቁን ይጥላል፣ ተሳፋሪው በትንንሽ ጀልባዎች ይመላለሳል። ይሄ ለሁለት ሦስት ሺህ ሰው ይሠራል። አሁን የሚመጡት መርከቦች ግን ሌላ ናቸው፤ በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ እስከ 7,600 መንገደኛ ይጭናል። ያን ሁሉ ሕዝብ በጀልባ አውርዶ በዚያው ቀን መመለስ ስለማይመች፣ ግዙፎቹ መርከቦች መቆሚያ ወዳለበት ይሄዳሉ።

«ታዲያ ለምን አይሠሩም?» ትሉ ይሆናል። መንግሥት ሊሠራ አቅዶ ነበር። ነዋሪዎች ግን በ2019 ከመራጩ ሩብ በላይ ፊርማ አሰባስበው «ሕዝብ ይወስን» አሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ወረርሽኙ መጣ፣ ዕቅዱ ቀረ። በኤፕሪል 2025 ግን ጥያቄው ከጠቅላላ ምርጫው ጋር ተያይዞ ለመራጩ ቀረበ፦ የክሩዝ መቆሚያ ይሠራ? አብላጫው «አይሆንም» አለ።

እኔ ብሆንም «አይሆንም» የምል ይመስለኛል። መቆሚያው የወደቡን ወለል ማስቆፈሩ አይቀርም፤ እዚያ ደግሞ ኮራል አለ፣ በ1932 አውሎ ነፋስ የሰጠመችው የባልቦዋ መርከብ ስብርባሪም ጠላቂዎች የሚጎበኙት ነው። ኮራል በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ ሕያው ነገር ነው። እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች የተበላሸ ነገር ስንለቅ ወደ ቀድሞው ቅጂ እንመልሰዋለን፤ «ሮልባክ» እንለዋለን። የባሕር ወለል ሮልባክ የለውም። የማይመለስ ጥፋትና የሚመለስ ገቢ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ፣ ለማይመለሰው መጠንቀቅ ጤናማ ሐሳብ ነው።

ግን እዚህ ጋ ቆም እንበል። ገቢ «ይመለሳል» ያልነው ለማን ነው? ለደሴቲቱ ይመለሳል፤ አዲስ ሆቴል ይከፈታል፣ ፋይናንሱም አለ። ዕድሜውን ሙሉ ተሳፋሪ ሲያመላልስ ኖሮ ስልሳ ዓመት የሞላው ባለጀልባ ግን አዲስ ሙያ ከየት ያመጣል? ወደቡ ዳር ጌጣጌጥ ለምትሸጥ ሴት፣ አራትና አምስት ሰዓት ብቻ ቆይቶ የሚሄደው የመርከብ ተሳፋሪ ነው ገበያዋ፤ ሆቴል የሚያርፈው እንግዳ ሰቨን ማይል ቢች አሸዋ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። እነሱ ሮልባክ የላቸውም። ድምፅ ከሰጡት መካከል ደሞዙ ከባንክ ወይም ከሕግ ቢሮ የሚመጣ ሰው ደግሞ አንድ ሳንቲም አይጎድልበትም። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ በሥራ ፈቃድና በመሳሰለው የሚኖር የውጭ ሰው ነው። ከጃማይካ፣ ከፊሊፒንስና ከሌላም አገር የመጣ። ሳህን ያጥባል፣ እንግዳ ያስተናግዳል፣ ድምፅ ግን አይሰጥም። ሥራው ሲጠፋ ፈቃዱም አብሮ ይጠፋል። ኮቪድ ጊዜ መንግሥት ሥራ ላጡ ካይማናውያን የቱሪዝም ሠራተኞች ወርሃዊ ድጎማ ሲከፍል፣ ባለ ሥራ ፈቃዱ በብዛት ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ነው የተመለሰው። ይሄ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ጠንካራ መልስ አለ። «ማንም ሰው ቱሪስት ሁልጊዜ ይመጣልኛል የሚል መብት የለውም። ካሴት ሻጩም ከስሯል፣ ማን ካሰው?» ይባላል። እውነት ነው፤ ገበያ ሲቀየር ሁሉም ላይ ይደርሳል። ነገር ግን አውሎ ነፋስና ውሳኔ አንድ አይደሉም። አውሎ ነፋስ ሲመታህ ተጠያቂ የለም፣ የሚቀርህ የጎረቤት ርኅራኄ ነው። ጎረቤቶችህ ተሰብስበው፣ ለጋራ ጥቅም ሲሉ፣ ያንተን እንጀራ የሚነካ ነገር ሲወስኑ ግን የሚሰጡህ ነገር ምጽዋት መሆኑ ያበቃል። ዕዳ ይሆናል። ኮራሉን ሁሉም ይወርሰዋል፤ ሒሳቡን ጥቂቶች ከከፈሉት ግን የጋራ ሀብት ያልነው ነገር በጥቂቶች ኪስ የተገዛ ነው።

መቆሚያው ቢሠራስ ባለጀልባው ይድን ነበር? መጀመሪያ ነገር፣ መርከቡ ከተጠጋ ጀልባ ምን ያደርጋል? የሚጠቀሙት ሌሎች ናቸው፤ ለእነሱም ዋስትና የለም። የክሩዝ ኩባንያዎቹ እንግዳቸውን ወደ ራሳቸው መዝናኛ መውሰድ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ሮያል ካሪቢያን ባሃማስ ውስጥ ኮኮኬይ አለው፣ ካርኒቫልም በ2025 እዚያው ግራንድ ባሃማ ላይ ሴሌብሬሽን ኪ የተባለውን ከፍቷል። እንግዳው የሚያወጣው ገንዘብ አብዛኛው እዚያው ኩባንያው ጋ ይቀራል። መርከብ መሪውን ያዞራል፤ ደሴት ግን የትም አትሄድም። ስለዚህ «አይሆንም» ያሉት ሰዎች ብልህ ሊሆኑ ይችላሉ። ብልህ መሆን ግን ከዕዳ ነጻ አያወጣም።

በእኛ ሙያ አንድ ጥሩ ልማድ አለ። ሰው የሚጠቀምበትን አሮጌ አገልግሎት ለመዝጋት ስንወስን ዝም ብለን ገመዱን አንነቅልም። የሚዘጋበትን ቀን አስቀድመን እንናገራለን፣ ወደ አዲሱ የሚሻገሩበትን መንገድ እናዘጋጃለን፣ የሚጎዳው ማን እንደሆነ እንቆጥራለን። ለኮምፒውተር ፕሮግራም ይህን ካደረግን፣ ለባለጀልባ ማድረግ አያቅትም። የሥልጠና ወጪ፣ ለሽግግር ጊዜ የሚሆን ገቢ፣ ሆቴል ለሚያርፈው እንግዳ የሚሸጥበት ቦታ፤ ለባለ ሥራ ፈቃዱም ሌላ ሥራ የሚፈልግበት ጥቂት ወራት። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ከተባለ፣ በተጠበቀው ባሕር ዳር የመሬትና የሆቴል ዋጋው ከሚጨምርለት ሰው ይጀመር።

እንግዲህ ቀጣዩ «አይሆንም» የትም ቦታ ሲመጣ፣ ሐይቅ ይሁን ጫካ ወይም አሮጌ ሰፈር፣ ማጨብጨባችንን አንተው። ግን ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ሁለተኛ ጥያቄ እንጨምርበት፦ ከኪስህ ስንት ታዋጣለህ?