ኮምፒውተራችሁን ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ፣ ቫይረስ ሲገባበት ወይም አልነሳ ሲል ጥገና ቤቱ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ።» ባለሙያው ጠንቃቃ ከሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል። «ጋሼ፣ ዴስክቶፕ ላይ የሚፈልጉት ፋይል አለ?» ደንበኛው ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «ፎቶዎቹንና ዶክመንቶቹን ወደ ዲ አውጣልኝ፤ ሌላው ይቅር» ይላል። ፎቶው ይወጣል፤ ዶክመንቱ ይወጣል፤ ዲስክ ሲ ይጸዳል። ማታ ቤቱ ገብቶ ክሮምን ሲከፍት፣ ክሮም አይቶት እንደማያውቅ ሰው ማንነቱን ይጠይቀዋል። ለዓመታት ኮከቧን እየተጫነ ያጠራቀማቸው የድረ ገጽ አድራሻዎች፣ ቡክማርኮቹ፣ የሉም፤ የተቀመጡለት የይለፍ ቃሎችም የሉም። ከዚያ በኋላ ባለሙያው ጋ መደወል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ባለሙያውን አልወቅሰውም። የጠየቀው ስለ ዴስክቶፕ ነው፤ የተነገረውንም አድርጓል። ችግሩ ያለው ብሮውዘር ፋይሎቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ ነው። ክሮምም ፋየርፎክስም ስለ እናንተ የሚያውቁትን የሚያስቀምጡት አፕዳታ በሚባል ፎልደር ውስጥ ሲሆን፣ ይህን ፎልደር ዊንዶውስ ራሱ ከዓይን ይሰውረዋል። ዲስክ ሲን ከፍታችሁ በስማችሁ የተሰየመውን ፎልደር ብታስሱ ፎቶ፣ ሙዚቃ፣ ዳውንሎድ ታያላችሁ እንጂ አፕዳታን አታዩትም፤ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ካላዘዛችሁ በቀር። ያልታየ ነገር ደግሞ «የሚፈልጉት ፋይል አለ?» ሲባል ማንም ትዝ አይለውም።

የተሰወረውን ገልጣችሁ ብትገቡ፣ አፕዳታ፣ ሎካል፣ ጉግል፣ ክሮም፣ ዩዘር ዳታ እያለ ይወስዳችሁና ዲፎልት የሚል ፎልደር ላይ ያደርሳችኋል። ፕሮፋይል የሚባለው ይህ ነው። በውስጡ ቡክማርክስ የምትል አንዲት ፋይል አለች፤ አጠገቧ ባክ የሚል ቅጥያ ያላት ግልባጯ ተቀምጣለች። ክሮም በራሱ ፈቃድ መጠባበቂያ መያዙ መልካም ነበር፤ ሁለቱም አንድ ዲስክ ላይ ስለሆኑ ግን ፎርማቱ አንድ ላይ ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ከእነሱ ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ የግል መዝገበ ቃላታችሁ አለ። በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስትጽፉ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ደጀን፣ አማኑኤል ብላችሁ ቀይ መስመር ሲሰመርባችሁ «ወደ መዝገበ ቃላት ጨምር» እያላችሁ ያስተማራችሁት ሁሉ በዚያች ፋይል ተጽፏል። ብሮውዘሩ የእናንተን አገር ስሞች ያወቀው በእናንተ ድካም ነው።

ትንሽ ነገር ነው የምትሉ አላችሁ። የዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪን አስቡ። ለመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ምሥራቅ ጎጃም የአፈር መሸርሸር ወይም ስለ ሀዲስ ዓለማየሁ ሥራዎች ሲያጠና ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያነብ ቆይቷል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማኅደር ያገኘውን፣ ሃምቡርግ ከሚዘጋጀው ኤቲዮፒካ መጽሔት የለቀመውን፣ መምህሩ «ይህን እይ» ብሎ የላከለትን በየምዕራፉ ለይቶ በፎልደር በፎልደር አስቀምጧል። ገጾቹ ያው በቦታቸው ስላሉ እንደገና ይፈልጋቸው ይባል ይሆናል። ከመቶ አንብቦ ሃያውን የመረጠበት፣ የማይረባውን የጣለበት ፍርድ ግን ጉግል ላይ ተፈልጎ አይገኝም። ያ ድካም እንደገና ከአንድ ይጀመራል፤ ጽሑፉን የሚከላከልበት ቀን ደግሞ አይጠብቅም።

አሁን ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ወይ ወደ 11 ይሸጋገራል፣ ወይ በሌላ ይተካል፣ ወይ እንዳለ እየተንገታገተ ይቆያል። በሦስቱም መንገድ ፎርማት የሚደረገው ማሽን ቁጥሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

«እኔ ሲንክ አድርጌያለሁ፤ ሁሉም ነገር ጉግል ዘንድ አለ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ማድረጉ ደግ ነው፤ ያላደረገም ያድርግ። በተለይ በስልካችሁ ብቻ የምትጠቀሙ፣ በስልክ ክሮም ላይ ቡክማርክን ወደ ፋይል ማውጣት ስለማይመች፣ ሲንክ ዋነኛ መንገዳችሁ ነው፤ ከዚያ የሰው ኮምፒውተር ሳይሆን የምታምኑት ኮምፒውተር ስታገኙ ታወጡታላችሁ። ሲንክ ግን መጠባበቂያ አይደለም። ሲንክ የሚያደርገው በአንዱ መሣሪያ ላይ የሆነውን በሌላውም ላይ መድገም ነው። ልጃችሁ ስልካችሁን ሲነካካ አንድ ሙሉ ፎልደር ቢያጠፋ፣ ሲንክ ታዛዥ ነውና ኮምፒውተሩም ላይ ያጠፋላችኋል። አካውንቱም ዘላለማዊ አይደለም፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተን የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰርዝ ይችላል። የይለፍ ቃሉ ቢጠፋባችሁና ለማስመለሻ የሰጣችሁት ስልክ ቁጥር ድሮ የተጣለ ሲም ቢሆን ደግሞ ሁለት ዓመትም አያስፈልግም።

እኛ አካባቢ ሌላም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደረገና በሞባይል ዳታ ብቻ የሚጠቀም ሰው፣ ንብረቱ ጉግል ዘንድ በሰላም ቢቀመጥም እጁ ሊገባ አይችልም ነበር። ጎጃም ውስጥ ኢንተርኔት እንደ መብራቱ ነው፤ ሲኖር ይኖራል። ገበሬው ዘሩን ከሚበላው እህል ለይቶ፣ በራሱ ደጅ እንደሚያኖረው ሁሉ፣ እናንተም አንድ ቅጂ በእጃችሁ ያዙ።

አሠራሩ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ኦን አንድ ላይ ተጫኑ፤ በክሮምም በፋየርፎክስም በኤጅም የቡክማርኩ መዝገብ ይከፈታል። ክሮም ላይ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ ኤክስፖርት ቡክማርክስ የሚለውን ምረጡ። ፋየርፎክስ ላይ ኢምፖርት ኤንድ ባክአፕ ከሚለው ሥር ኤክስፖርት ቡክማርክስ ቱ ኤችቲኤምኤል አለላችሁ። ስሙን እንደመጣ አትተዉት፤ ወሩንና ዓመቱን ጻፉበት፤ አለዚያ ከዓመት በኋላ ሦስት ፋይል ደርድራችሁ የትኛው የቅርብ እንደሆነ ስትገምቱ ትውላላችሁ። ሺህ አድራሻ ቢኖራችሁ እንኳ ፋይሉ በስልክ ከተነሳ አንድ ፎቶ አይበልጥም። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ መልእክት በምታስቀምጡበት ቦታ አኑሩ።

ያወጣችሁትን ፋይል በኖትፓድ ብትከፍቱት የመጀመሪያው መስመር ላይ ኔትስኬፕ የሚል ስም ታነባላችሁ። ኔትስኬፕ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የዓለም ዋነኛ ብሮውዘር የነበረ፣ በ2008 ድጋፉ የተቋረጠ ፕሮግራም ነው። ብሮውዘሩ ቀረ፤ የቡክማርክ አጻጻፉ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ከክሮም የወጣውን ፋየርፎክስ ያነበዋል፣ ከፋየርፎክስ የወጣውን ኤጅ ያነበዋል። ስለዚህ ፋይሉን በሌላ ብሮውዘር ኢምፖርት አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ኤጅ ዊንዶውስ ባለበት ሁሉ አለ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ፋየርፎክስ ላይ ሪስቶር የሚለው ያለውን ሁሉ ደምስሶ አሮጌውን ይተካል፤ ኢምፖርት የሚለው ግን ባለው ላይ ይጨምራል። ሁለቱን አታምታቱ።

ከቡክማርክ አልፎ ሙሉ ፕሮፋይሉን መያዝ የሚፈልግ፣ ብሮውዘሩን ዘግቶ ፎልደሩን እንዳለ ይቅዳው። እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ጉዳት ያለው እዚህ ነውና። የክሮም የይለፍ ቃሎች ዊንዶውስ ላይ ባለው በእናንተው አካውንት ስለሚቆለፉ ፎልደሩን ወደ ሌላ ማሽን ብትወስዱት አይከፈቱም፤ «ኮፒ አድርጌያለሁ» ብላችሁ ተማምናችሁ ፎርማት ካስደረጋችሁ ታዝናላችሁ። ፋየርፎክስ ተቃራኒው ነው። ዋና የይለፍ ቃል ካላበጃችሁለት፣ ፕሮፋይል ፎልደሩን ያገኘ ሰው የይለፍ ቃሎቻችሁን ሁሉ ያነባል። ከሁሉም የከፋው በኤክስፖርት የሚወጣው የይለፍ ቃል ዝርዝር ነው፤ ያለ ምንም ቁልፍ፣ እንደ ገበያ ዝርዝር ተጽፎ የሚወጣ ፋይል ነው።

የኛ ፍላሽ ደግሞ የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። መዝሙር ይገለበጥበታል፣ ፊልም ይመጣበታል፣ ፎቶኮፒ ቤት ይሰካል፣ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፣ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። የይለፍ ቃላችሁን እንዲህ ያለ ነገር ላይ አታኑሩ። ለእኔ የይለፍ ቃልን በደብተር ጽፎ ቤት ውስጥ ሣጥን መቆለፍ፣ ዘመናዊ ባይመስልም፣ ፍላሽ ላይ ከማዞር ይሻላል። ኢንተርኔት ቤት ወይም የሰው ኮምፒውተር ላይ ስትገቡም ብሮውዘሩ «ላስቀምጥልህ?» ሲል እምቢ በሉት፤ ከመነሳታችሁ በፊት ከአካውንታችሁ ውጡ። የዲቪ ሎተሪ ፎርም ሲሞላ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። የሚሞላው ልጅ ሞልቶ ይሰጣል፣ ማረጋገጫ ቁጥሯ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ትቀራለች፣ ግንቦት ላይ ውጤት ሊያይ የመጣው ሰው ቁጥሩን ሲጠይቅ ማሽኑ ፎርማት ተደርጓል። አድራሻው ሳይሆን በገጹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ፣ ያኔውኑ አሳትሙት ወይም በፒዲኤፍ አስቀምጡት።

ይህ ለንባብም ይሠራል። ቡክማርክ አድራሻ ነው፤ ባለቤቱ ቤቱን ካፈረሰ አድራሻው የትም አያደርስም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶ የሚሆኑት ከአሥር ዓመት በኋላ ሊከፈቱ አልቻሉም። ለሥራችሁ የማይቀርላችሁን ገጽ ከነሙሉ ይዘቱ አስቀምጡ።

እንዲህ ያለው ምክር ለጎጃም ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ዲማ፣ ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ምንጮች ናቸው። ቅኔ ደግሞ ለዕለቱ ተዘርፎ ለዕለቱ የሚቀርብ ነው፤ ሰሚ ካልያዘው ወይም ጸሐፊ ካልመዘገበው ከዕለቱ ጋር ያልፋል፤ ስንቱ እንዳለፈ የሚቆጥር የለም። የተጻፈውንም ቢሆን ለማትረፍ የደከሙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1973፣ አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ተባብረው በየደብሩና በየገዳሙ ያሉ መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። እስከ 9 ሺህ የሚደርሱ ብራናዎች ተነሱ፤ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ ሚኒሶታ ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ለካታሎጉ ሰጡ። ዋናው መጽሐፍ በደብሩ ይኑር፣ ቅጂው ግን ከደብሩ ውጭ ሁለት ቦታ ይኑር የሚለው ሐሳብ ለቡክማርክም ያው ነው።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች አንድ ቃል አለኝ። ሠራተኛ ሲዛወር ላፕቶፑን በሞዴል ያስረክባል፤ ቻርጀሩና ማውሱ ሳይቀሩ ይመዘገባሉ። ብሮውዘሩ ውስጥ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ሥራ፣ ሪፖርት የሚገባበት ገጽ፣ ጨረታ የሚወጣበት አድራሻ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው ሁሉ ግን በሄደው ሰው የግል አካውንት ሥር ስለሆነ አብሮት ይሄዳል። ለመሥሪያ ቤቱ የተለየ ፕሮፋይል ይኑር፤ በርክክቡ ዝርዝር ላይም አንድ መስመር ይጨመር። ለጥገና ባለሙያዎችም፦ ዴስክቶፑን ስትጠይቁ ብሮውዘሩንም ጠይቁ። ደንበኛው ባያውቀው እናንተ ታውቃላችሁ።

እናንተ ደግሞ ኮምፒውተራችሁ እስኪታመም አትጠብቁ። ዛሬ መብራት ካለ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ኦን ተጫኑ።